የበዓል ቅመም ለውዝ፦ በርበሬው ከጠርሙሱ ሥር እንዳይቀር

በዓል ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ለውዙን ሠራሁት፣ ይጣፍጣል። ግን በርበሬው በሙሉ ከጠርሙሱ ሥር ተከማቸ። ምን አጥፍቼ ነው?» ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ከኦቭን ሲወጣ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ለሰለሰብኝ።»

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ለገና ለጎረቤትም ለዘመድም በጠርሙስ እያደረግሁ እሰጣለሁ፤ የቀመሰ ሰው ሁሉ ይደውላል። በስልክ ሲነገር ግማሹ ይረሳል፣ ግማሹም ይሳሳታል። ስለዚህ ከመልቀም እስከ ማሸግ ያለውን በሙሉ እዚህ ጽፌላችኋለሁ።

ለውዝ የምለው ኦቾሎኒውን ነው፤ ከገበያ በኪሎ የምንገዛውን። አልሞንድ፣ ካሽው ወይም ማካዳሚያ ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው። የሚለየው የሚቆላበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ደረቅ ቅመም ደረቅ ለውዝ ላይ አይቆምም፤ የሚያጣብቀው ነገር ይፈልጋል። ደግሞም ቅመሙ የሚገባው ለውዙ ተቆልቶ፣ ልጣጩ ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን በሥርዓቱ የማድረግ ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ መጠን ግማሽ ሊትር የሚይዙ 3 ጠርሙሶችን ሞልቶ ለቡና ቁርስ የሚሆን ትንሽ ይተርፈዋል።

- 1 ኪሎ ጥሬ ለውዝ፣ የተፈለፈለና ቀይ ልጣጩ ያልተነሳ
- 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ በወንፊት የተነፋ
- 1 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ (ለልጆችና ለአዛውንት ከሆነ ይቅር)
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
- 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው
- ለማጣበቂያ፦ የ2 የፈረንጅ እንቁላል ነጭ (የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 3 ያዙ)፤ ለጾም ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ተልባና 1 ብርጭቆ ውሃ

ከዕቃ 2 የኦቭን ትሪ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የእንጨት ማማሰያ እና ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም የመስታወት ጠርሙሶች። ኦቭን የሌላችሁም አትተዉት። ብረት ምጣድ ላይ የሚሠራውን ከታች አስቀምጫለሁ።

ጨው ከመጨመራችሁ በፊት በርበሬያችሁንና ሚጥሚጣችሁን በጣታችሁ ጫፍ ቅመሱ። ብዙ ቤት ሲፈጭ ጨው አብሮ ይገባል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ጨውን ወደ 1 የሻይ ማንኪያ አውርዱት።

ስለ ግዢውም ትንሽ ልበል። ጥሬ ለውዝ በሉና ጠይቁ፤ የተቆላው ዳግመኛ ኦቭን ሲገባ ይመርራል። የባቢሌ ለውዝ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ከየትም ይምጣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት እፍኝ ያዙና አሽትቱ፤ ሁለት ሦስት ፍሬም አኝኩ። ጥሩ ለውዝ ጥሬውን ሲበላ እንደ ጥሬ አተር ይላል፣ መጨረሻው ጣፋጭ ነው። የሻገተ ዕቃ ቤት ወይም የቆየ ዘይት ከሸተታችሁ አልፋችሁት ሂዱ። የቆየ ለውዝ በቅመም አይድንም።

አሠራሩ

1. ልቀሙት። ለውዙን ሰፌድ ላይ ዘርጉና በቀን ብርሃን አንድ በአንድ እዩት። የጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ አቧራ የያዘውን፣ የተበሳውን፣ ውስጡ የተበላሸውን አውጡ። 1 ኪሎ ለመልቀም 20 ደቂቃ ቢወስድባችሁ አይቆጫችሁ።

ይህ ለመልክ ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለውዝ እርጥበት አግኝቶ ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰርን ያመጣል። እሳት ደግሞ ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ «ሲቆላ ይሞታል» የሚለውን አትመኑ። መከላከያው እጃችሁና ዓይናችሁ ነው። ከኪሎው ውስጥ የሻገተው ብዙ ሆኖ ካገኛችሁት መልቀሙንም ተዉትና ሁሉንም ጣሉት።

እኛ በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ዶሮ አለ፣ አንዳንዱ ቤት ላምም አለ። የተለቀመውን መጥፎ ለውዝ ለእነሱ እንዳትጥሉላቸው። ዶሮዋን ይጎዳታል፤ ላሟ ከበላችው ደግሞ መርዙ በወተቷ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል።

አቧራ ከበዛበት በወንፊት አድርጋችሁ በፍጥነት በውሃ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ በስሱ ዘርጋችሁ በደንብ አድርቁት። እርጥብ ለውዝ ኦቭን ውስጥ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ያኔ መንኮሻኮሹ ይጠፋል።

2. ያለ ቅመም ቁሉት። ኦቭኑን በ160 ዲግሪ አሙቁ። ለውዙን በሁለቱ ትሪዎች ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ በየ5 ደቂቃው አውጥታችሁ አገላብጡት። አልሞንድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ካሽውና ማካዳሚያ በ10 ደቂቃ መታየት አለባቸው።

ትንሿ የጠረጴዛ ኦቭን ከሆነች ያለቻችሁ፣ ትሪውን በታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። የላይኛው ሽቦ በጣም ቅርብ ስለሆነ ፊቱን ያሳርረውና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሁለቱ ትሪዎች አብረው የማይገቡ ከሆነም በየተራ ቁሉት።

መድረሱን እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ቀጥሎ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንድ ፍሬ አውጡና አቀዝቅዛችሁ በጣታችሁ እሹት። ልጣጩ በቀላሉ ከለቀቀና ውስጡ ከነጭነት ወደ ፈዛዛ ቢጫ ከሄደ አውጡት። «ትንሽ ይቅረው» ባላችሁበት ሰዓት ማውጣት ነው ትክክሉ። ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ከኦቭን ወጥቶም በያዘው ሙቀት መብሰሉን አያቆምም። ከዚያም ሌላ፣ ከቅመሙ ጋር ዳግመኛ ኦቭን ይገባል።

ሁለት ጊዜ የምንቆላው ለምንድን ነው? ለውዝ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። በርበሬ ደግሞ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ያን ያህል ጊዜና ሙቀት አይችልም። ቀዩ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ይመርራል፣ ጭሱ ቤተሰቡን በሙሉ ያስነጥሳል፣ ያስላል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ በርበሬውን በዘይት ለውሼ ከጥሬው ለውዝ ጋር አብሬ ነበር ያስገባሁት። ለውዙ ሲደርስ በርበሬው ከሰል ሆኖ ነበር። ሁለት ኪሎ ለውዝ ተጣለ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ልጣጩን አንሱ። ለብ ሲል በጨርቅ ጠቅልሉና በሁለት እጃችሁ እሹት። ከዚያ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ደጅ አውጡና አበጥሩት። ንፋስ ካለ ልጣጩን በሙሉ ይወስድላችኋል። እቤት ውስጥ ከሞከራችሁት ግን ለሁለት ቀን ቀይ ልጣጭ ትጠርጋላችሁ።

አንዳንዱ ሰው ልጣጩን ይወደዋል፤ ለቤት የምትሠሩት ከሆነ ተዉት። ለስጦታ ግን አንሱት። ልጣጭ ያለው ለውዝ ላይ ቅመሙ የሚጣበቀው ከልጣጩ ጋር ነው። ጠርሙሱ በመንገድ ሲንገጫገጭ ልጣጩ ይረግፋል፣ ቅመሙንም ይዞት ይወርዳል። ከጠርሙሱ ሥር የምታዩት ቀይ ክምር ትልቁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

4. ማጣበቂያውን አዘጋጁ። እዚህ ላይ ጥያቄው ማን ነው የሚበላው የሚለው ነው።

ለፍስክ ከሆነ የእንቁላሉን ነጭ ከአስኳሉ ለዩ። 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃና ጨውን ጨምሩበትና ሹካ ይዛችሁ አረፋ እስኪያወጣ ምቱት። እንደ ኬክ ክሬም መቆም የለበትም፤ አረፋ ያለው ፈሳሽ ይበቃል። ጨውን እዚህ የምንከተው እያንዳንዱ ፍሬ እኩል እንዲደርሰው ነው። ደረቅ ጨው ከላይ ከተነሰነሰ አንዱ ፍሬ ይጨምራል፣ አንዱ አልጫ ይሆናል።

ለጾም ከሆነ ተልባ አለላችሁ። ሳይፈጭ ጥሬውን በ1 ብርጭቆ ውሃ ቀስ ባለ እሳት እያማሰላችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ መሳብና መዝለግለግ ሲጀምር ወዲያው በወንፊት አጥልሉት። «ሲቀዘቅዝ አጠልለዋለሁ» ብላችሁ ከተዋችሁት ወፍሮ አይወርድም። ከተጠለለው 4 የሾርባ ማንኪያ ውሰዱና ጨውን በጥብጡበት። ይህ ዝልግልግ ነገር ሲደርቅ ቅመሙን ለውዙ ላይ እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ የራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። እኔ አሁን አሁን ለፍስኩም ተልባውን እመርጣለሁ፤ የእንቁላል ሽታ ይኖረዋል ብዬ አልሰጋም፣ ማን ይጾማል ማን አይጾምም ብዬም አልጨነቅም።

የገና ስጦታ ብዙ ጊዜ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው የሚደርሰው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ነው። በእንቁላል የተሠራ ለውዝ ታኅሣሥ 20 ላይ ብትሰጡ፣ የተቀበለው ሰው ወይ ያስቀምጠዋል ወይ ሳያውቅ ይበላዋል። ሁለተኛው ያሳዝናል። በዐቢይ ጾም ውስጥ ለፋሲካ ስታዘጋጁም ነገሩ ያው ነው። በተልባ ከሆነ ያለ ሐሳብ ይሰጣል። የጾሙን ስትሠሩ እንቁላል የነካውን ማንኪያና ወንፊት አጥባችሁ ተጠቀሙ።

ዘይት ወይም ቅቤ ማጣበቂያ አይሆንም። ለጊዜው ቅመሙን የያዘ ይመስላል፤ ግን ስለማይደርቅ ቅመሙ ከለውዙ ወርዶ እጅ ላይና ጠርሙስ ላይ ነው የሚቀረው። የቅቤውን ጣዕም የምትወዱ ከሆነ የተነጠረ ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ አቅልጣችሁ ለቤት የሚበላውን ብቻ እሹበት፣ በሳምንት ውስጥም ጨርሱት። ለስጦታ አልመክርም።

5. መጀመሪያ ማጣበቂያ፣ ቀጥሎ ቅመም። በርበሬውን፣ ሚጥሚጣውን፣ ኮረሪማውን፣ ቀረፋውንና ስኳሩን በደረቁ አንድ ላይ ቀላቅሉ። ለውዙን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና ማጣበቂያውን አፍስሱበት፤ ሁሉም ፍሬ እስኪያብረቀርቅ አገላብጡት። ከዚያ ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ ለ2 ደቂቃ ያህል አስቀምጡት።

ይቺን 2 ደቂቃ ብዙ ሰው ይዘላታል። ትርፉ ፈሳሽ ካልወረደ ቅመሙ ከለውዙ ጋር ሳይሆን እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ጓል ይሠራል፣ ሲጋገርም እንደ ሊጥ ይላል። የሚያስፈልገን እርጥብ ፊት ነው፣ መረቅ አይደለም።

አሁን ለውዙን ወደ ደረቀው ሳህን መልሱት። ቅመሙን በሦስት ጊዜ እየነሰነሳችሁ አገላብጡ። አንዴ ከገለበጣችሁት የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ሁሉንም ይወስዱታል። ስኳሩ ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም የገባው፤ ሲሞቅ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ቅመሙንም ይቆልፈዋል። በርበሬውንም ያለዝበዋል።

6. ዳግመኛ አስገቡት። ኦቭኑን ወደ 150 ዲግሪ አውርዱ። በሁለት ትሪ ላይ ዘርጉት፤ ፍሬው ከፍሬ ባይነካካ ይመረጣል። ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። 10ኛው ደቂቃ ላይ አውጡና የተጣበቁትን በማማሰያ ለያዩ። እዚህ ሙቀት መጨመር አያስፈልግም። ማጣበቂያው ደርቆ፣ እንቁላል ከሆነም በስሎ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ትቶ ቀይ እንደሆነ መቅረት አለበት። መጥቆር ከጀመረ ወዲያው አውጡት።

በዚህ መሀል መብራት ቢሄድስ? በእኛ ሰፈር ለበዓል ሰሞን ይህን ማሰብ ግድ ነው። የኦቭኑን በር አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ሙቀት ቀስ እያለ ያደርቀዋል፤ መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ምንም አልጎደለም። ከዘገየ ወደ ብረት ምጣድ ገልብጡና በጣም ቀስ ባለ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ጨርሱት። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ምድጃውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አድርጉት። የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጢስ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላል። በረንዳው ላይም ቢሆን ጢሱ ወደ ቤት እንዳይገባ በሩን ዝጉና እናንተ ውጭ ሁኑ።

7. እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ለውዙ ትሪው ላይ እንደተዘረጋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ይቆይ። ከኦቭን ሲወጣ ይለሰልሳል። አትደንግጡ፣ መልሳችሁም አታስገቡት። የሚንኮሻኮሸው ሲቀዘቅዝ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ አንድ ፍሬ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ለ3 ደቂቃ አስቀምጡና ስበሩት። ቀጭ ካለ ደርሷል። ካላለ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመርለት።

«በማግስቱ ለሰለሰብኝ» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ትኩስ ለውዝ ጠርሙስ ውስጥ ከተዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ክዳኑ ላይ ላብ ይሠራል። ያ ላብ ተመልሶ ለውዙ ላይ ይወርዳል። ለስላሳነቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እርጥበት ሻጋታንም ይጠራል። እጃችሁን ትሪው ሥር አድርጉ፤ ለብ ያለ ነገር ከተሰማችሁ ገና ነው።

ለእንቁጣጣሽ የምትሠሩ ደግሞ ክረምቱ ገና ከአየሩ አልወጣም። በተለይ ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ ያላችሁ፣ ለውዙን በረንዳ ላይ አታቀዝቅዙ፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከለሰለሰ በ120 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ መልሳችሁ ብታስገቡት ይመለስላችኋል።

ኦቭን ለሌላችሁ፦ በብረት ምጣድ ስኳር የለበሰ

ይህኛው በጋዝም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ በከሰልም ይሠራል። ማጣበቂያው ራሱ ስኳሩ ስለሆነ እንቁላልም ተልባም አይፈልግም፤ የጾም ነው። ግማሽ ኪሎ የተለቀመ ጥሬ ለውዝ (ልጣጩ ይቆይ)፣ 1 ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ኮረሪማ ተቀላቅሎ፣ ከፈለጋችሁም 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ያዙ። ሰፊና ወፍራም ብረት ምጣድ ይሁን። ስስ ከሆነ ስኳሩ በአንድ በኩል ያርራል።

1. ለውዙን፣ ስኳሩን፣ ውሃውንና ጨውን አንድ ላይ ምጣዱ ላይ አድርጉና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ቅመሙ አሁን አይገባም።
2. ሲፈላ እያማሰላችሁ ጠብቁ። ውሃው እያለቀ ሽሮፑ ይወፍራል፣ አረፋውም ትልልቅ ይሆናል።
3. በድንገት ስኳሩ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተበላሸ» ብሎ ያወርደዋል። አልተበላሸም፤ መሆን ያለበት ይሄ ነው። ስኳሩ ለውዙ ላይ መያዝ የጀመረው አሁን ነው።
4. እሳቱን ቀንሱና ሳታቋርጡ አማስሉ። አሸዋው ቀስ በቀስ ይቀልጥና ለውዙን ቡናማ እያደረገ ያብረቀርቃል። ለውዙም የሚቆላው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ግማሹ አብረቅርቆ ግማሹ አሸዋ እንደሆነ ቢቀር ያምራል።
5. ከእሳት ልታወርዱ ስትሉ ቅመሙን ነስንሱና ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡ። ወዲያው ትንሽ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡ፣ በሁለት ማንኪያም ለያዩት።

ከውጭ የመጣ መመሪያ ይዛችሁ በቴርሞሜትር የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መመሪያው ለሽሮፑ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አገር ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ 8 ዲግሪ ያህል ቀንሱለት። ካልቀነሳችሁ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይደርቃል። በዓይን መሥራት ግን ከሁሉም ይሻላል፤ ሽሮፕ፣ አሸዋ፣ ብርሃን። ሦስቱን ካያችሁ ቁጥር አያስፈልጋችሁም።

ይህን ልብ አድርጋችሁ አንብቡ

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል። ሙቀቱ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆም ይቀራል። ልጆችን ከማድ ቤት አስወጡ። በጣታችሁ አትቅመሱ። ካቃጠላችሁ ወዲያው የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ሊጥ አትቀቡበት። ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሙሉ ለውዝ አትስጡ። ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ያንቃቸዋል። በዓል ላይ ሰሃኑ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ ከፍ አድርጉት።

ለውዝ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ስጦታ ስትሰጡ ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለበት ጻፉ፦ ኦቾሎኒ፣ እንቁላል (ካለበት)፣ ሚጥሚጣ። ለእንደዚህ ዓይነት ቤት ስጦታ ከፈለጋችሁ የሽምብራ ቆሎ በተልባው ማጣበቂያ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ምጣዱን፣ ወንፊቱንና ትሪውን ግን መጀመሪያ በደንብ እጠቡ፤ ሽምብራውንም ከለውዙ በፊት ሥሩ።

ማሸግ

የማርም የቡናም ጠርሙስ ይሆናል። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ገልብጣችሁም ሌሊቱን አሳድሩት። አንዲት ጠብታ ውሃ ከቀረች ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ይገባል። ክዳኑን አሽትቱት፤ የዳጣ ወይም የነጭ ሽንኩርት ሽታ ከያዘ አይሆንም፣ ለውዙ ዘይት ስላለው ሽታውን በአንድ ሌሊት ይጠጣዋል።

ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉት። ባዶ ቦታ ከተረፈ ለውዙ በመንገድ እየተንገጫገጨ ይፋተጋል፣ ቅመሙም ይረግፋል። አየር ሲቀንስም ዘይቱ ቶሎ አይበላሽም። በፌስታል ቋጥራችሁ አትስጡ፤ ፌስታል እርጥበትና አየር ያስገባል።

ጠርሙሱን ከብርሃንና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የለውዝ ዘይት የሚበላሽባቸው ሦስት በሮች ናቸው። በዚህ መልኩ 3 ሳምንት ያህል ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከተከፈተ ግን በሳምንት ውስጥ ይበላ። ጠርሙሱ ላይ የተሠራበትን ቀን ጻፉበት፤ ለገና የምትሰጡትን ከታኅሣሥ 15 ወዲህ ብትሠሩት በዓሉ ላይ ገና ትኩስ ነው።

ብዙ የምትሠሩ ከሆነ ዙሩን አብዙ እንጂ ትሪው ላይ የሚዘረጋውን አታብዙ። ማለቴ፣ 3 ኪሎ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሥሩ፤ አንድ ትሪ ላይ 3 ኪሎ አትከምሩ። የተከመረ ለውዝ ከላይ ያርራል፣ ከሥር ይታፈናል። መልቀሙንና መጀመሪያውን መቁላት ከአንድ ቀን በፊት ብትጨርሱት፣ የቅመሙ ሥራ ለበዓሉ ሳምንት አንድ ከሰዓት ብቻ ይፈጃል። የተቆላውን ለውዝ ሳይቀመም በተከደነ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ቅመሙ ሲገባ ለብ ባይልም ምንም አይሆንም።